ከሰኔ 30 ወዲያ ያለው ውለታ

በደሴና በኮምቦልቻ የሒሳብ ባለሙያ በብዛት የሚፈለገው ሰኔ 30 ዓመቱ ሲዘጋና ግብር ሲደርስ ነው። የእኔ አድናቆት ግን በቀሩት ወራት ለሚሠራው ሥራ ነው። ጎበዙ ባለሙያ የደሴ ፒያሳውን ባለሱቅ፣ «ጋሼ፣ ሽያጭዎ ጥሩ ነው፤ ገንዘብዎ ግን ዱቤ ላይ ተኝቷል» ይላቸዋል። ለኮምቦልቻዋ ባለምግብ ቤት የትኛው ምግብ እንደሚያተርፍ፣ የትኛውን የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ እንደሚበላው ለይቶ ያሳያታል። ወለድ ለማይፈልገው ነጋዴ ደግሞ የሙራባሃ ውል ከመፈረሙ በፊት ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ሲሸጥለት የወር ክፍያው ከገቢው ጋር ይሄድ እንደሆነ ያሰላለታል።

በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሰሜኑ ጦርነት ሲዘረፉ የብዙ ሱቅ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከባንክ ስቴትመንት፣ ከአቅራቢዎች ደረሰኝና ከደንበኞች ትውስታ የጠፋውን መዝገብ መልሶ መጻፍ የሙያው ትልቁ ውለታ ነው፤ ነጋዴው ማን ዕዳ እንዳለበት፣ እሱስ የማን ዕዳ እንዳለበት አውቆ ይነሣል። የቤቱን ወጪ ከሱቁ ገንዘብ እንዲለይ ፊት ለፊት የሚነግረውም ይኸው ባለሙያ ነው፤ ይህን ወንድም እንኳ አይደፍርም።