ስለ ኃይል ለውጥ ትምህርት አሰጣጥ
«አምፖል የኤሌክትሪክን ኃይል ወደ ብርሃን ይለውጣል» የሚለው የተለመደ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ የእውነቱን ግማሽ እንኳ አይገልጽም። ባለ 100 ዋት የክር አምፖል በሴኮንድ ከሚወስደው 100 ጁል ውስጥ የሚታይ ብርሃን የሚሆነው ከ10 ጁል ያነሰው ሲሆን፣ የተቀረው በሙቀትና በማይታይ ጨረር ይወጣል። ይህ ሳይነገረው የቀረ ተማሪ ኃይል «አለቀ» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ «ኃይል» በጁልም፣ በዋትም፣ አልፎ አልፎም በኒውተን ለሚለካው ሁሉ ይነገራልና። ሪቻርድ ፋይንማን በ1966 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ መምህራን ባሰሙት ንግግር፣ መጫወቻውን የሚያንቀሳቅሰው «ኃይል ነው» የሚለውን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ መንቀፋቸው፣ መልሱ ስም ከመስጠት ያለፈ ነገር ስለማያስተምር ነበር። የፈተና አዘጋጆችም «የኃይል ዓይነቶችን ዘርዝር» ማለቱን ትተው፣ ብርሃን ያልሆነው ከ90 ጁል በላይ የት እንደገባ ቢጠይቁ ይሻላል።