የጭሮው ተወካይ እጅ

አነስተኛ ፓርቲ በአገራችን ስሙ የሚነሣው በሦስት አጋጣሚ ነው፤ ሲመሠረት፣ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራና ሲሰነጠቅ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰሞን ይውላሉ። ከዚያ ውጪ ፓርቲው የት እንደሚያድር፣ በምን እንደሚተዳደር የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ጉባኤ ለእነዚህ ፓርቲዎች ትልቅ ድግስ ነው። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለዚሁ ድግስ ነው፤ ግን ከመድረኩ በኩል ሳይሆን ከኋላ ወንበር፣ ከምዕራብ ሐረርጌ መጥቶ ከተቀመጠው ተወካይ በኩል።

እስቲ አንድ ተወካይ እናስብ። ቤቱ ጭሮ ነው፤ አሰበ ተፈሪ ብለው የሚጠሯትም ዛሬ ሞልተዋል። ከመቻራ ወይም ከገለምሶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጭሮ ወርዶ ማደር ሊኖርበት ይችል ነበር። የእኛ ሰው ግን ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተነሥቶ፣ ሚኤሶን፣ አዋሽን፣ መተሐራን፣ አዳማን አልፎ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሱቅ ካለው ሱቁን ዘግቶ፣ መምህር ከሆነ ፈቃድ ለምኖ ነው። ፈቃድ የለመነው ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይናገር ነው፤ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሆን በወረዳ ከተማ ምን እንደሚያስከትል አዲስ አበባ ያለ ሰው በወሬ ነው የሚያውቀው። እሱ ግን ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር አንድ ሰፈር ያድራል።

በማግስቱ አዳራሽ ይገባል። በር ላይ ፎልደር ይሰጡታል። ውስጡ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ረቂቅ፣ የሥራ ሪፖርት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ አጀንዳና አንድ እስክሪብቶ አለ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼ ነው! ሁለትና ሦስት ዓመት ሙሉ የታወቀ ጉባኤ፣ ደንቡ የሚታደለው በዕለቱ ጠዋት። ተወካዩ አንቀጽ አምስት ላይ ሳይደርስ መድረኩ አንቀጽ አሥራ ሁለትን አጽድቋል። በዚያ ላይ ሰነዱ በአማርኛ ብቻ ነው። የጭሮ፣ የሂርና፣ የበዴሳ አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። «ኅብረ ብሔራዊ ነን» የሚል ፓርቲ አንድ ሰነድ ለማስተርጎም አቅም ካጣ፣ ኅብሩ ባነሩ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሪፖርቱ ይነበባል። ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! «ገዢው ፓርቲ በፈጠረብን ጫና ምክንያት…» ብሎ ይጀምርና በዚያው ይጨርሳል። ጫናው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ ኧረ እውነት ነው። አዳራሽ ከተከራዩ በኋላ «ዕድሳት ላይ ነን» የተባሉ ፓርቲዎች አሉ፤ አባሎቻቸው በየዞኑ የታሰሩባቸው አሉ። ግን ጫናው የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። የአባላት መዋጮ የት እንደገባ መናገርን ማን ከለከለ? ሊቀመንበሩ ወረዳዎቹን ስንት ጊዜ እንደጎበኘ መናገርንስ?

የኛ ተወካይ ሦስት ጥያቄ ይዞ መጥቷል እንበል። የጭሮው ቢሮ ኪራይ ተከማችቶ ባለቤቱ ቁልፉን ወስዷል፤ ማን ይክፈል? የታሰረ አባል ቤተሰቡን ማን ያግዝ? ምርጫ ሲደርስ ለሀብሮና ለቱሎ ዕጩ የሚመርጠው እዚያ ያለው አባል ነው ወይስ አዲስ አበባ ያለው ሥራ አስፈፃሚ? እጁን ያወጣል። «ከሰዓት አንፃር ለሦስት ሰው ብቻ ዕድል እንሰጣለን» ይባላል። ሦስቱም ከፊት ወንበር ናቸው፤ አንደኛው ጥያቄ ሳይሆን ግጥም ነው ያመጣው።

ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። «ድጋፍ?» እጅ እንደ ማሽላ ማሳ ይቆማል። «ተቃውሞ?» ፀጥ። «ድምፀ ተዓቅቦ?» አንድ ሰው ጉሮሮውን ያጠራል። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ጭብጨባ። በጉባኤ ቋንቋችን ውስጥ እንደ «ሙሉ ድምፅ» የምጠራጠረው ቃል የለም። መስከረም 2011 ሐዋሳ ላይ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበሩን ሲመርጥ ከ177 ድምፅ 176ቱ ለአንድ ሰው ሄደ። ያንን የታዘቡ ተቃዋሚዎች ብዙ ተሳልቀዋል። የራሳቸውን ቃለ ጉባኤ ቢያወጡት ያቺ አንዷ የጎደለች ድምፅ እንኳ የምትገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ የጭሮው ሰው ለምን ተጠራ? ለቁጥር ነዋ! ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ። ሕጉም ይህንን ያበረታታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1,500፣ ለክልላዊ 750 መሥራች አባላት ይጠይቅ ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1162 ወደ 10,000 እና 4,000 ከፍ አደረገው። ዓላማው ቦርሳ ውስጥ ማኅተም ይዞ የሚዞረውን «ፓርቲ» ማጥራት ነበር፤ መጋቢት 2011 የሥነ ምግባር ቃል ኪዳን የፈረሙት 107 ፓርቲዎች እንደነበሩ ስናስታውስ ማጥራቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ቁጥር ቁጥርን ብቻ መውለዱ ነው። ታዛቢው የሚቆጥረው ራስ ነው፤ ራሱ ውስጥ ያለውን ጥያቄ የሚቆጥር የለም። ከሐረርጌ አሥር ሰው፣ ከወሎ አሥር ሰው፣ ከጋሞ አሥር ሰው ከተገኘ ፓርቲው አገር አቀፍ ሆኖ ይመሻል።

ይህ ራስ ቆጠራ ቀልድ የሚመስለው ፓርቲው እስኪሰነጠቅ ድረስ ነው። የዶክተር መረራ ጉዲናን የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ አስታውሱ። ኦብኮ በኅብረት ጥላ ሥር በ1997 ምርጫ ተወዳድሮ ፓርላማ የገባ ድርጅት ነው። ከምርጫው በኋላ በአቶ ቶሎሳ ተስፋዬ የሚመራው ወገን «ሕጋዊው እኔ ነኝ» አለ፤ ምርጫ ቦርድም ስሙን ለዚያ ወገን አጸና። እነ መረራ የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ ብለው እንደገና ከአንድ ጀመሩ፤ በ2004 ገደማ ደግሞ ከአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴን ጋር ተዋህደው ኦፌኮ ሆኑ። በወረዳ ያለ ተራ አባል በጥቂት ዓመት ውስጥ መታወቂያ ደብተሩን ስንት ጊዜ ቀየረ? የጠየቀው አለ?

አንድነትንም እናስታውስ። ሊቀመንበሩ በትክክለኛው አካል ነው የተመረጠው ወይስ አይደለም፣ ደንቡ በጉባኤ ነው የጸደቀው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ሲጎተት ቆይቶ ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ቦርዱ የፓርቲውን ስምና ማኅተም ለአቶ ትዕግስቱ አወል ቡድን ሰጠ፤ በዚያው ዕለት መኢአድም ለአቶ አበባው መሐሪ ወገን ሆነ። ምርጫ በደጅ ነበር። ቦርዱ የማን ወገን እንደነበር የየራሳችሁን ፍርድ ስጡ፤ የእኔ ፍርድ ለቦርዱ የሚደላ አይደለም። ነገር ግን ቦርዱ የገባበት ቀዳዳ የደንብና የጉባኤ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ፓርቲዎቹ ናቸው ከፍተው የተዉት። ትልቅ ነኝ የሚለውም አልዳነም፤ ሕወሓት ነሐሴ 2016 መቀሌ ላይ 14ኛ ጉባኤውን የቦርዱ ታዛቢዎች ሳይገኙ አደረገ፤ የራሱ አመራር ግማሹ ቀረ፤ ግንቦት 2017 ከመዝገብ ተሰረዘ።

ለፍርድ እንዲመች ሌላውንም ልናገር። በ2014 ዓ.ም. ኢዜማ ባደረገው ጉባኤ ለመሪነት ዶክተር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ተፎካከሩ። ብርሃኑ አሸነፉ። ውጤቱን የወደደም ያልወደደም ነበር፤ ግን ከየወረዳው የመጣው ሰው ቢያንስ ለአንድ ቀን ሁለት ስም ፊቱ ላይ ቀርቦለት ነበር። ሁለት ስም! ለእኛ ይህም ዜና ነው።

ወደ ጭሮ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይቺ ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ የምትለው አላት። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሯት ጨርጨርን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚሁ ሰው ናቸው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጃፓንን አርአያ አድርገው ያረቀቁት። ያ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ያዛል፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ። «እስኪችል ድረስ» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ንጉሡም ሄዱ፣ መኳንንቱም ሄዱ፣ ሐረጓ ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተዛወረች አለች። ዛሬ በአነስተኛ ፓርቲ ሥራ አስፈፃሚ ውስጥ ብታዳምጡ፣ «አባሉ ገና ነው፣ ንቃቱ አልደረሰም፣ ዝርዝሩን እኛ እናዘጋጅለት» የሚል ድምፅ አታጡም።

ከዚያው ዞን፣ ከበዴሳ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ። ያለ አዳራሽ ኪራይ፣ ያለ ባነር። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት ይተላለፋል፤ ሕግ በጉባኤ ፊት በቃል ይነገራል፣ ይከለሳል፤ ያጠፋ መሪ ጊዜው ሳይደርስ ሊነሣ ይችላል፣ «ቡቂሱ» ይሉታል፤ መንቀል እንደማለት ነው። ገዳን የመላእክት ጉባኤ አላደርገውም፤ ሴቶችን ከሥልጣን ያገለለ ሥርዓት ነው፣ ይህም መነገር አለበት። ግን ከዚህ ምድር የመጣን ሰው «ስለ ጉባኤ ንቃት የለህም» ማለት ድፍረት ነው። ጭሮ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ ስሙ ኦዳ ቡልቱም ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ የሚከራከረውን ሰው ያየ ደግሞ ያውቀዋል። አንዱ ሌላውን «አቦ፣ እሱን ተወው፣ ማስረጃህን አምጣ» ይለዋል። ያንን ሰው ነው አዲስ አበባ አምጥተን ለእጅ ማውጫ የምናደርገው!

ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ረቂቁ ከአንድ ወር በፊት በሰው ቋንቋ ተተርጉሞ ይላክ፤ ፎቶ ኮፒ ነው። የጭሮ፣ የገለምሶና የሚኤሶ አባላት መጀመሪያ በየከተማቸው ይነጋገሩበትና ተወካያቸው የራሱን ሳይሆን የእነሱን ቃል ይዞ ይምጣ። ሊቀመንበርን በሚመለከት እጅ ማውጣት ይቅርና ወረቀትና ሣጥን ይግባ፤ ሊቀመንበሩ ከመድረክ ላይ ሆኖ ማን እጁን እንዳወጣ እያየ የሚደረግ ምርጫ ምርጫ አይደለም፣ ሰልፍ ነው። አንዳንዴም ጉባኤው ራሱ ይሂድ። አገር አቀፍ ፓርቲ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ የማይወጣው? ሥራ አስፈፃሚው ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጭሮ ይውረድ። «አዳራሽ ይከለክሉናል» የሚል ይኖራል። ይከለክሉ ይሆናል። ያኔ ቢያንስ የተከለከለው ምን እንደሆነ የጭሮ ሰው በዓይኑ ያያል፤ እስከዛሬ የሚሰማው በሪፖርት ነው።

የሚቀረው ደግሞ መልሱ ነው። ተወካዩ በሦስተኛው ቀን ፎልደሩን ይዞ ይመለሳል። ቢሮው እንደተዘጋ ነው። ያዋጡለት ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰቡና «እሺ፣ ምን ተባለ?» ይሉታል። ደንቡ መጽደቁን ይነግራቸዋል። «አንቀጹ ምን ይላል?» ሲሉት ፎልደሩን ከፍቶ ገና ማንበብ ይጀምራል።