የቆቦ ሶለል፤ መጋረጃ የሌለው ቴአትርና የተመልካቹ ምርጫ

ሀ. የጽሑፉ ዓላማ

በአገራችን ስለ ቴአትር የሚጻፈው ሂስ ብዙውን ጊዜ ከመጋረጃው ይጀምራል። ሐያሲው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጋረጃው ሲገለጥ ያየውን ይጽፋል፤ ደራሲውን ያመሰግናል ወይም ይነቅፋል፤ የተዋናዩን ድምፅና አለባበስ ይመረምራል። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ልማድ እየጸና ሄዷል። ልማዱ በራሱ ጥፋት የለበትም። ዳሩ ግን መጋረጃ የሌለው ጨዋታ ሁሉ ከሂስ ውጭ ሆኖ ቀርቷል፤ «ባህል» ተብሎ ይመሰገናል እንጂ ይህ ይሻላል፣ ያኛው ይደክማል ተብሎ አይመዘንም። ምስጋና ብቻ የሚሰጠው ጥበብ ደግሞ እንደ ታመመ ሰው ሁሉም የሚያባብለው፣ ማንም እውነቱን የማይነግረው ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ቆላ ልጃገረዶች በየነሐሴው የሚጫወቱትን ሶለል እንደ ቴአትር ቆጥሮ ለመመዘን ይሞክራል። ሰላም ሆኖ መንገድ ሲከፈት ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ የትምህርት ጓደኞቻችንም ከብዙው ጨዋታ የትኛው ቢታይ እንደሚሻል ምክር ያቀርባል።

«ቴአትር» ያልነው ለማሞገስ አይደለም። በ1939 ዓ.ም. ነሐሴ ወር (እ.ኤ.አ. 1947) በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጥበብ በዓል ሲከፈት ስምንት የቴአትር ጓዶች ሳይጠሩ መጥተው ባገኙት ስፍራ ተጫወቱ። ይህ ያልተጠሩት ሰዎች በዓል ኋላ «ፍሪንጅ» ተባለ፤ በእኛ ቋንቋ የልብስ ዘርፍ እንደ ማለት ነው። ዛሬ ዘርፉ ከልብሱ በልጦ በዓለም ከታወቁት የጥበብ በዓላት ሁሉ ትልቁ ሆኗል። የእንዲህ ያለ በዓል ጠባይ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማን ይጫወት ብሎ የሚመርጥ አካል የለበትም። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ከብዙ ትናንሽ ጨዋታዎች መካከል ራሱ እየመረጠ ያያል። ሶለል ሁለቱም ጠባዮች አሉት። ልዩነቱ፣ በኤድንብራ ተመልካቹ ወደ ጨዋታው ሲሄድ፣ በቆቦ ግን ጨዋታው ወደ ተመልካቹ ደጅ ይመጣል።

ለ. ጊዜውና ቦታው

ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በስተ ምዕራቧ የላስታና የግዳን ደጋ፣ በስተ ምሥራቋ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ በመካከሉ ያለው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ዝናቡ የማይታመን በመሆኑ ሕዝቡ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረኃብን በዓይኑ አይቷል።

ይህን ያነሣነው ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። የሶለል ወራት ነሐሴ ነው፤ በነሐሴ ማሽላው ገና እሸት አልሆነም፣ የአምናው እህል ደግሞ ከጎተራ እየተሟጠጠ ነው። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ደጅ ቆመው ሲጫወቱ ባለቤቱ የሚሰጣቸው ስጦታ ከትርፍ የሚወጣ አይደለም። ይህን የማያስተውል ተመልካች የጨዋታውን ግማሽ አላየም ማለት ይቻላል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ተጹሞ በ16ኛው ቀን ይፈታል። ሶለልም በዚሁ ቀን ይጀመርና በተከታዮቹ ቀናት ይቀጥላል። ብቻውንም አይደለም፤ በሰቆጣና በዋግ ሻደይ፣ በላሊበላና በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባሉት እኅቶቹ ናቸው። ስለ አመጣጡ ሽማግሌዎች ሦስት ዓይነት ነገር ይናገራሉ። አንዳንዶቹ የእመቤታችንን ዕርገት ያዩ ደናግል ያሳዩት ደስታ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ ከተመለሰችው ርግብ ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ ያለቅሱላት ከነበረችው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ያደርሱታል። ሦስቱም ለበዓሉ የተሰጡ ትርጓሜዎች እንጂ ለአጀማመሩ ማስረጃ አይደሉም። ሆኖም የሚያስደንቅ ነገር አለባቸው፤ አንዱ የደስታ፣ አንዱ የተስፋ፣ አንዱ የሐዘን ነው። ጥሩ የሶለል ቡድንም በአንድ ደጅ ላይ ሦስቱንም ያሰማል።

ሐ. የጨዋታው አሠራር

ቡድኑ የሚሰባሰበው በሰፈርና በዕድሜ ነው። ያላገቡ ልጃገረዶች አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ ጠጉራቸውን ይሠራሉ፤ ይኳላሉ፤ ከእናትና ከአክስት ድሪ፣ መስቀልና አልቦ ይዋሳሉ። ለምለሙን ረጅም ሣር አጭደው በወገባቸው ይታጠቁታል። ከበሮ የምትመታ አንዲት ናት፤ ግጥም የምታወጣ ሌላ፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። እንግዲህ ደራሲ፣ ተዋናይና የሙዚቃ ጓድ ተለያይተው አይገኙም።

የጨዋታው አካሄድ አራት ክፍል አለው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። መጀመሪያ መምጣታቸውን በከበሮና በዜማ ያስታውቃሉ፤ ቀጥሎ ባለቤቱን በስም እየጠሩ ያወድሳሉ፤ ሦስተኛ ስጦታውን ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም መርቀው ይሄዳሉ። አጽመ ነገሩ ወንዶች ልጆች በቡሄ ከሚሉት ከሆያ ሆዬ፣ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ከሚሉት ከአበባየሆሽ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ሶለልን ከሁለቱ የሚለየው ጭፈራው ነው። በሆያ ሆዬ ዱላው መሬቱን ይመታል፤ ሰውነት ግን ብዙ አይሠራም። በሶለል ግን ትከሻ፣ አንገትና ወገብ ሁሉ ይሠራሉ፤ በወገብ የታጠቁት ሣር ደግሞ እንቅስቃሴውን ያሰፋዋል። ልጅቱ በትንሹ ስትወዛወዝ ሣሩ በብዙ ይወዛወዛል። ከዚህ የተነሣ ሣሩ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የጭፈራው መሣሪያ ነው ማለት ይገባል። እርጥብ ሳለ ከብዶ ይዘናፈላል፤ እየደረቀ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጭፈራና የኋለኛው ቀን ጭፈራ ለዓይንም ለጆሮም አንድ አይደሉም።

መ. ምን እንይ?

፩. የመጀመሪያውን ቀን ጧት፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ። እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ አደባባዩ ይሮጣል። እኛ የምንመክረው ግን በዋዜማው ለአንድ ቤት ባለቤት ነግሮና ፈቃድ ጠይቆ በዚያ ደጅ ተቀምጦ የሚመጡትን ቡድኖች ሁሉ ማየት ነው። ቤቱና ባለቤቱ ሳይለወጡ ቡድኖቹ ብቻ ሲፈራረቁ የግጥም አውጪዎቹ ችሎታ በግልጽ ይለያል። አንዲቱ ባለቤቱን ለማንም በሚሆን የተለመደ ቃል ታወድሰዋለች፤ ሌላይቱ ግን የዘንድሮውን ጉዳዩን ታውቃለች፤ የታመመ ልጁን፣ የሞተበትን በሬ፣ ያልተከፈለውን ዕዳ በውዳሴ መካከል ሸፍና ታስገባለች። ሰሙ ምስጋና ሲሆን ወርቁ ምክር ወይም ተግሣጽ ነው። በሶለል ሊደነቅ የሚገባው ይህ ነው፤ በዓመት ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ለትልቅ ሰው በአደባባይ እውነት የምትናገርበት ቀን ከዚህ ሌላ ስንት ይገኛል?

፪. የገጠሩን ቡድን። በሮቢትና በጎብዬ በኩል ካሉት ቀበሌዎች የሚነሣ ቡድን በከተማው ካለው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የሚባለው ዜማ ለማንም ደጅ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው። ስጦታ የማይጠየቅበት፣ ውዳሴ የማይሸጥበት ክፍል በመሆኑ ግጥሙ ነጻ ነው። የቋንቋ ተማሪ ከሆናችሁ ይህን አትለፉት፤ አማርኛው ውስጥ የጎረቤት የትግርኛ ቃል ገብቶ ቤት ሲመታ የምትሰሙት በእንዲህ ያለው ስፍራ ነውና።

፫. የትናንሾቹን ቡድን። ታላላቆቻቸው ያልወሰዷቸው የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ለብቻቸው ተሰብስበው የሚጫወቱትን ብዙ ሰው በፈገግታ ያልፈዋል። ግጥሙ ይሰበራል፣ ከበሮው ይስታል። ቢሆንም ጥበቡ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንዴት እንደሚሻገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ትምህርት ቤት የሌለው ትምህርት ነው።

፬. በመድረክ የሚዘጋጀውን ትርኢት መጨረሻ ላይ። በዓሉ ሲደራጅ ቡድኖች በአንድ ሜዳ ተሰልፈው፣ በድምፅ ማጉያ እየተጠሩ፣ በክብር እንግዶች ፊት የሚጨፍሩበት ትርኢት ይቀርባል። ይህን አትዩ አንልም። አልባሳቱ ይደነቃል፤ የብዙ ሰፈር ልጆች በአንድ ላይ ይታያሉ፤ ለከተማውም ገበያ ያመጣል። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። በስም የሚጠራ የቤት ባለቤት ስለሌለ ውዳሴው ለሁሉም፣ ማለትም ለማንም፣ ይሆናል። ሰዓቱ ስለ ተመጠነ ግጥም አውጪዋ ያዘጋጀችውን ትላለች እንጂ ያየችውን አትልም። ከሁሉም በላይ ክቡ ይፈርሳል፤ ፊታቸውን ወደ ጓደኞቻቸው አድርገው ይጨፍሩ የነበሩት ፊታቸውን ወደ ወንበሩ ያዞራሉ። ክቡ ወደ መስመር ሲለወጥ ጨዋታው ወደ ሰልፍ ይለወጣል።

መድረክን ከነአካቴው የሚጠሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለንም። በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የየክፍለ ሀገሩን መሣሪያ አንድ ላይ አስቀምጦ እንደ ተጫወተ የሚያስታውስ ሰው፣ መድረክም በብልሃት ቢያዝ አዲስ ነገር ሊወልድ እንደሚችል ይረዳል። ክርክራችን ከመድረኩ ጋር ሳይሆን፣ መድረኩ ደጁን ተክቶ «ሶለል ይህ ነው» ከሚባለው ነገር ጋር ነው።

ስለ ስጦታውም አንድ ነቀፌታ አለን። በአንዳንድ ስፍራ ጨዋታው አጥሮ ጥያቄው ብቻ ይረዝማል፤ መኪና ቆሞ ብር እስኪወጣ ድረስ አንድ ስንኝ ይደጋገማል። ጥፋቱን በልጃገረዶቹ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርድ ማጉደል ነው። ሳያዳምጥ ብር ወርውሮ የሚያልፍ ተመልካች ሳይደክም የሚጫወት ቡድን ይፈጥራል። ስለዚህ የተመልካቹ ግዴታ ግልጽ ነው፤ እስከ ምርቃቱ ይቁም፤ ከምርቃቱ በኋላ ይስጥ።

ሠ. አደጋው

ሶለል መጽሐፍ የለውም፤ የሚማሩት በዓመት ጥቂት ቀን፣ በልጅነት ብቻ ነው። ያገባች ሴት ከቡድኑ ትወጣለች። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ዕድሜ የሚቆጠረው በነሐሴዎች ነው፤ ለአንዲት ልጅ የሚደርሷት ነሐሴዎችም ከአሥር ብዙ አይበልጡም።

አሁን የቅርቡን ዘመን እንቁጠር። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ዋለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ረግቦ የነበረው ጦርነት በቆቦ አካባቢ እንደ ገና የተቀሰቀሰው ነሐሴ 18 ቀን ነው፤ ይኸውም ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሳይቀረው፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አራት ነሐሴ በተከታታይ! በ2011 ዓ.ም. የ12 ዓመት ተቀባይ የነበረች ልጅ በ2016 ዓ.ም. የ17 ዓመት ወጣት ሆናለች። ግጥም ማውጣት የምትማርባቸው ዓመታት እነዚያ ነበሩ። እርሷን እያየች ልትማር ይገባት የነበረችው ታናሿስ ከማን ትማር?

ከዚህ ላይ «ሰው በሚሞትበት ስለ ጭፈራ ይወራል ወይ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው። የሰው ሕይወት ከሁሉ ይቀድማል፤ ነገር ግን ልጃገረዶች ያለ ፍርሃት ከሰፈር ሰፈር መዞር መቻላቸው የሰላም ጌጥ ሳይሆን የሰላም መለኪያ ነው። በየትኛው መንደር እንደ ዞሩና በየትኛው እንዳልዞሩ ጠይቆ የሚመዘግብ ተማሪ የዚያን ዓመት ሁኔታ ከብዙ ሪፖርት ይልቅ በትክክል ሊያውቅ ይችላል።

ረ. መደምደሚያ

ወደ ራያ ለመሄድ ለሚያስቡ ጓደኞቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍና ድምፅ ከመቅዳት በፊት ከልጆቹም ከወላጆቻቸውም ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ግጥሙን በዚያው ዕለት፣ ሳይረሳ፣ አነጋገሩ ሳይታረም እንደ ተባለ መጻፍ ነው፤ የከተማ አማርኛ አድርጎ ማቃናት ማጥፋት ነው። ግጥሙን ያወጣችው ልጅ ዕድሜዋ ስንት እንደ ሆነና ከማን እንደ ተማረች መጠየቅም አይረሳ። ከተቻለ ሁለት ሆኖ መሄድና አንዱ በቆቦ ሲቆይ ሌላው በሰቆጣ ሻደይን ወይም በላሊበላ አሸንድዬን አይቶ ማመዛዘን ትልቅ ጥቅም አለው። የአንዱን ዜማና አለባበስ ከሌላው የሚያነጻጽር ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነውና።

ለሂስም የሚተርፍ ትምህርት አለ። በቆቦ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡ እናቶች ከእኛ አስቀድመው ሐያስያን ናቸው። ቡድኑ መርቆ ሲሄድ «የዚህችስ አፏ ይጣፍጣል»፣ «ያችኛዋ የአምናውን ደገመችው» እየተባባሉ ይመዝናሉ። እኛም ብናመሰግን እንደ እነርሱ ምክንያቱን ይዘን እናመስግን፤ ብንነቅፍም የልጆቹን ስምና የቤተሰባቸውን ጓዳ እንደሚያውቅ ሰው፣ በፍቅር እንንቀፍ።