ሁለት አገር፣ አንድ ድምፅ

ከካናዳ ተመልሰን አዲስ አበባ የከተምን ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ አንደኛው ኑሮ፣ ሁለተኛው ፖለቲካ። ኑሮውን ለጊዜው እናቆየውና ወደ ፖለቲካው እንምጣ። አብዛኞቻችን የካናዳ ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአንድ ኪስ ይዘን የምንዞር ነን። እናላችሁ፣ ቡናው ሳይፈላ ቅሬታው ይፈላል። «በተወለድንበት አገር እንዳንመርጥ ተደረግን እኮ!» ይላል አንዱ። «ገንዘባችን እንጂ ድምፃችን አይፈለግም» ይላል ሌላው።

ቅሬታው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ በር ከፍቶለታል፤ መምረጥና መመረጥን ግን ከልክሎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅም በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ቅሬታ የሚያዘንበውን ሰው «ለመሆኑ በካናዳ ምርጫ ድምፅ ትሰጣለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ዓይኑን ያፈጥባችኋል። «ከዚህ ሆኜ? ይቻላል እንዴ?»

ይቻላል። እንዲያውም ሰዎች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰው ያስከበሩት መብት ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ካናዳ ከአገር ውጪ ያለ ዜጋ እንዲመርጥ መጀመሪያ የፈቀደችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮቿ ነበር። ዲፕሎማቶችና ውጭ አገር የተመደቡ የመንግሥት ሠራተኞች ተራው የደረሳቸው በ1970 ነው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለው ተራ ዜጋ እስከ 1993 ጠበቀ። በዚያ ዓመት የተሻሻለው ሕግ «ከአገር ከወጣህ አምስት ዓመት ካልሞላህና የመመለስ ሐሳብ ካለህ በፖስታ መምረጥ ትችላለህ» አለ። አምስት ዓመት ከአንድ ቀን የሞላው ዜጋ ፓስፖርቱ እንደያዘ፣ ዜግነቱ እንዳለ፣ ድምፁ ግን ይጠፋል። ለተወሰኑ ዓመታት ሰዎች ለበዓል ብቅ ብለው በመመለስ ሰዓቱን እንደ አዲስ ያስጀምሩት ነበር። ከ2007 ወዲህ ግን ሕጉ ጠበቅ ብሎ ተተረጎመና ተመልሶ ያልኖረ ሰው ጉብኝቱ አይቆጠርለትም ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በሰጠው ውሳኔ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደባቸው እስረኞች የመምረጥ መብታቸው ተረጋግጦላቸዋል። ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ፤ እስረኛም ዜጋ ነው። ግን ነገሩን አስቡት፤ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወህኒ ያለው ሰው ይመርጣል፤ ለትምህርት ወጥቶ ስድስተኛ ዓመቱን የያዘው መምህር አይመርጥም። ጉድ እኮ ነው!

ይህን ጉድ ፍርድ ቤት ያቆሙት ጊሊያን ፍራንክና ጄሚ ዱኦንግ የሚባሉ ሁለት ካናዳውያን ናቸው። ሁለቱም ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በሥራ ምክንያት እዚያው የቆዩ ሲሆኑ፣ በ2011ዱ ምርጫ መምረጥ አትችሉም ተባሉ። በ2012 ከሰሱ፤ በ2014 የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ ፍርዱን ገለበጠው። ያን ሰሞን ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ዶናልድ ሰዘርላንድ እንኳ «ካናዳዊ ነኝ፤ ለምን አልመርጥም?» የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አውጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 2018 ፓርላማው ራሱ የአምስት ዓመቱን ገደብ ከሕጉ አወጣው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጥር 11 ቀን 2019 በአምስት ለሁለት ድምፅ ገደቡ ከቻርተሩ አንቀጽ 3 ጋር የሚጋጭ እንደነበር ወሰነ። አንቀጽ 3 የሚያወራው ስለ ዜጋ ነው፤ ስለ ነዋሪ አያወራም።

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን ልምጣ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። አንድ የማከብረው ወዳጄ፣ ቶሮንቶ ሃያ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው፣ «እኔ አልመርጥም» ይለኛል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው። እዚያ አውቶቡስ አልጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ አልይዝ፣ የቤት ኪራይ አልከፍል። እኔ በመረጥኩት ሰው ሌላው ለምን ይተዳደራል?» ይላል። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። የ2015ቱ ፍርድ ቤት የተደገፈውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ሕግ የሚያወጣና ለሕጉ የሚገዛ አንድ ሰው መሆን አለበት፣ በመካከላቸው ያለው ውል ይኸው ነው የሚል።

ሐሳቡ የቅን ሰው ሐሳብ ነው። ቢሆንም አልተዋጠልኝም። ሕጉ እኮ ወሰን ላይ አይቆምም! እዚያ ያከራየው ቤት ያለው፣ ከዚያ ጡረታ የሚመጣለት ሰው ግብሩ ይቆረጥበታል። ልጁ ዜግነት ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ኦታዋ ላይ የሚወጣ ሕግ ነው። በ2006 ሊባኖስ ስትደበደብ ካናዳ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎችን በመርከብና በአውሮፕላን አውጥታለች፤ ወዲያው ደግሞ «እነዚህ ለችግር ጊዜ ብቻ ካናዳዊ የሚሆኑ ናቸው» የሚል ክርክር ተነሥቷል። በ2021 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሐል አገር ሲገፋ ካናዳ እዚህ ያለነውን ዜጎቿን «ውጡ» ስትል መልእክቱ ስልካችን ላይ ደርሶናል። እንግዲህ እኔን ከችግር ለማውጣት ወይም ላለማውጣት የሚወስን መንግሥት ሲመረጥ «አንተን አይመለከትህም» የሚለኝ ማነው?

ወዳጄ የዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ውጭ ያለ መራጭ ድምፁ የሚቆጠረው ከአገር ከመውጣቱ በፊት በኖረበት የምርጫ ክልል ነው። ደስ ያለውን ቦታ መርጦ አያፈስም። ካናዳ ኖሮ የማያውቅ፣ ውጭ ተወልዶ ዜግነቱን በወላጁ ያገኘ ሰው ደግሞ አይመርጥም። ይህ ድንበር አግባብ ይመስለኛል። ከሰፈር ጋር ያስተሳስራል። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው ሰው የቤት ሥራ አለበት። እዚያው ሰፈር የቀረችው እህቱ ኪራይ ስንት ደርሶባት እንደሆነ፣ ለልጇ ሐኪም ለማግኘት ስንት ወር እንደጠበቀች ደውሎ ይጠይቅ። ከእሷ የበለጠ ጋዜጣ የለም። «ስለ ኢትዮጵያ ጥሩ የተናገረው የትኛው ነው?» ብሎ ብቻ የሚመርጥ ሰው ግን የወዳጄን ክርክር እያጠናከረለት ነው።

መብቱ በወረቀት ላይ ይህን ይመስላል። በተግባርስ? እዚህ ላይ የካናዳን መንግሥት ልውቀስ።

ካናዳ ውስጥ ኢሌክሽንስ ካናዳ የሚባለው መሥሪያ ቤት ውጭ ለሚኖሩ መራጮች መዝገብ አለው። የተመዘገበ ሰው ምርጫ ሲጠራ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ይላክለታል። ወረቀቱ ላይ የዕጩዎች ስም አልታተመም፤ የመረጣችሁትን ሰው ስም በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። በትንሹ ፖስታ ታሽጋላችሁ፣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ትልቁ ላይ ፈርማችሁ ቀን ትጽፋላችሁ፤ የመላኪያውንም ትከፍላላችሁ። ከዚያ ፖስታው በምርጫው ቀን ኦታዋ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እዚያ መድረስ አለበት። የላካችሁበት ቀን ማኅተም አያድናችሁም። ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ አይቆጠርም።

ሒሳቡን እናስላው። የ2025ቱ ምርጫ የተጠራው መጋቢት 23 ነው፤ ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 28። ሠላሳ ስድስት ቀን! የዕጩዎች ዝርዝር የሚዘጋው ደግሞ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ ከኦታዋ ተነሥቶ፣ በየቤቱ ደብዳቤ አዳይ በሌለበት ከተማ ፖስታ ሳጥናችሁ ውስጥ ገብቶ፣ እናንተ ሳጥኑን ከፍታችሁ፣ ስም ጽፋችሁ፣ ተመልሶ ውቅያኖስ መሻገር አለበት። ፈጣን መልእክት አድራሽ የሚቀጥር ይቀጥራል፤ ዋጋውን የማይችለው ግን ዕድሉን ይሞክራል። ኤምባሲ ማስረከብ ይቻላል፤ ኤምባሲው ግን የምርጫ ጣቢያ አይደለም፤ አስተላላፊ ነው፤ ሰዓቱም ያው ሰዓት ነው።

«አንድ ፖስታ ቢዘገይ ምን ይመጣል?» የሚል ካለ የቴርቦንን ነገር ያስታውስ። በዚያው በ2025 ምርጫ በኬቤክ በምትገኘው በዚህች የምርጫ ክልል፣ በዳኛ ፊት በተደረገው ድጋሚ ቆጠራ የሊበራሏ ዕጩ ታቲያና ኦጉስት በአንድ ድምፅ ማሸነፏ ታወጀ። በአንድ! ወዲያው እዚያው ክልል የምትኖር አንዲት መራጭ በፖስታ የላከችው ድምፅ ወደ ቤቷ እንደተመለሰ ታወቀ። ፖስታው ላይ መሥሪያ ቤቱ ያተመው የመልስ አድራሻ የፖስታ ኮዱ ተሳስቶ ነበር። ድምፁ ደግሞ ለተሸናፊዋ የተሰጠ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ይህ የሆነው እዚያው አገር ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው። የአዲስ አበባውን፣ የናይሮቢውን፣ የማኒላውን ፖስታ አስቡት።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። አውስትራሊያ በምርጫው ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተሞላ የፖስታ ድምፅ እስከ 13 ቀን ዘግይቶ ቢደርስ ትቆጥራለች፤ በብዙ ኤምባሲዎቿም በአካል ያስመርጣል። ፈረንሳይ ውጭ ላሉ ዜጎቿ አሥራ አንድ የምክር ቤት ወንበር ለይታ ሰጥታለች። ብሪታንያ አሥራ አምስት ዓመት ከውጭ የኖረን የሚከለክለውን ገደቧን በ2024 አንሥታለች። ካናዳ ገደቡን በማንሣት ከብሪታንያ ቀድማለች፤ ፖስታውን ግን በሰዓት አጥራዋለች። በፍርድ ቤት የተከፈተ በር በፖስታ ቤት ሊዘጋ አይገባም።

መንግሥትን ከወቀስኩ ዘንድ እኛንም ልውቀስ፤ ይህኛው ይበልጥ ያመኛል። ስታቲስቲክስ ካናዳ በ2016 ከአገር ውጪ የሚኖሩ ካናዳውያንን አራት ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ ብሎ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሕፃናቱንና ካናዳ ኖረው የማያውቁትን ቀንሱ፤ አሁንም እጅግ ብዙ ሰው ይቀራል። በምርጫ ድምፃቸው የሚቆጠርላቸው ግን በአሥር ሺዎች ብቻ ነው የሚገመቱት። ጥፋቱ ሁሉ የፖስታ አይደለም። ያልተመዘገበ ሰው ፖስታ ዘገየብኝ አይልማ!

እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ያንን ፓስፖርት የምንወደው ለአየር ማረፊያ ነው። ቪዛ ያስቀራል፣ ወረፋ ያሳጥራል። ቃለ መሐላ የፈጸምን ዕለት ትንሿን ባንዲራ ይዘን ፎቶ ተነሥተናል፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ዜግነት እንደ ጤና ካርድ ሆነ፤ ሲታመሙ ብቻ የሚወጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። የሌለንን ድምፅ እያለቀስንለት፣ ያለንን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈንበታል።

ነገሩ የካናዳ ብቻም አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ አንድ ቀን ይለወጥ ይሆናል፤ ጥምር ዜግነት ይፈቀድ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያን ቀን አንድ የሕግ አውጪ ተነሥቶ «እስካሁን የነበራችሁን ድምፅ ምን አደረጋችሁበት?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «ፖስታ ቤት ሩቅ ነበር» እንላለን? መምረጥ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከደም ጋር አይወረስም። ስሙን በእጁ መጻፍ፣ ማጣራት፣ መጠየቅ፣ ሲሸነፍ መቀበል የለመደ ሰው የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ያልለመደ ሰው የትም ቢሄድ የሚይዘው ቅሬታውን ነው።

የማኅበራት መሪዎቻችን ለበዓል አዳራሽ ሲከራዩ፣ ለቀብር ገንዘብ ሲያሰባስቡ ጎበዞች ናቸው። በዓመት አንድ ከሰዓት ወስደው አባሎቻቸውን ቢያስመዘግቡ ምን ይከብዳቸዋል? የፓስፖርት ኮፒ፣ የመጨረሻው የካናዳ አድራሻ፣ አሁን ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ፤ አለቀ። ወዳጄ ደግሞ በሐሳቡ ከጸና ይጽና፤ አለመምረጥም የታሰበበት ከሆነ አቋም ነው። እኔ የምፈራው ሳያስቡበት የሚቀሩትን ነው።

ምርጫ ተጠራ ሲባል ፎርም ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ግማሹን መንገድ ተበልቷል። መዝገቡ ክፍት የሚሆነው ምርጫ በሌለበት ቀንም ነው፤ ለምሳሌ ዛሬ።