«ወሰደ» በዕለት ንግግራችን

በእንግሊዝኛ «ቴክ» የሚለው ግስ ከስም ጋር እየተጣመረ ብዙ ሐረጋትን ይመሠርታል። በእነዚህ ሐረጋት ዋናውን ፍቺ የሚሸከመው ስሙ ነው፤ ግሱ ደጋፊ ከመሆን አያልፍም። ይህ አሠራር ቃል በቃል እየተተረጐመ ወደ አማርኛ በመግባቱ «ፈተና ወሰደ»፣ «ሥልጠና ወሰደ»፣ «ሻወር ወሰደ»፣ «ዕረፍት ወሰደ» ማለት በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም ተለምዷል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን ሐረጋት እንዴት ሊመለከታቸው ይገባል? የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነው።

በነባሩ አማርኛ «ወሰደ» አንድን ነገር ካለበት አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ማድረስን ያመለክታል፤ ተቃራኒውም «አመጣ» ነው። በግዕዝም ቃሉ መምራትንና ማድረስን ይገልጻል። ምሳሌያዊ አገባቡም ከዚሁ መሠረት አይርቅም፤ ጎርፍ ሰውን ይወስዳል፣ ሐሳብ ይወስደዋል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን ወሳጅ፣ እንቅልፉን ተወሳጅ ያደርጋል። አማርኛ ይህን ሁሉ ሥራ ለአንድ ግስ አላሸከመም፤ ቁርባን እንቀበላለን፣ ፎቶግራፍ እናነሣለን፣ ታክሲ እንይዛለን፣ ሥራም ጊዜ ይፈጃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው እንኳ አንድ ዐይነት አይደሉም፤ አሜሪካውያን «ቴክ» የሚሉትን ሻወር፣ የብሪታንያ ሰዎች በአብዛኛው «ሃቭ» ይሉታል። እንግዲህ አገባቡ የልማድ እንጂ የግድ አይደለም።

ልማዱ ሲዋስ ግን አሻሚነትን ያስከትላል። «ተማሪው ፈተናውን ወሰደው» ሲባል መፈተኑ ነው ወይስ ወረቀቱን ይዞ መሄዱ? ይህስ ቀላል ነው። ሐኪም በሽተኛን «መድኃኒቱን ወስደዋል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ከመድኃኒት ቤት ተቀብሎ ቤቱ ያስቀመጠው ሰው «አዎን» ብሎ ቢመልስ አልዋሸም። «ዋጠ»፣ «ጠጣ»፣ «ተቀባ»፣ «ተወጋ» የሚሉት ግሶቻችን ግን አድራጎቱን ከነአኳኋኑ ስለሚናገሩ ለስሕተት በር አይከፍቱም።

ይህን ስንል የገባውን ሁሉ እናስወጣ ማለታችን አይደለም። «ሠለጠነ» በሙያ መካንንም በአኗኗር መሻሻልንም ስለሚያመለክት፣ በሥልጠናው ላይ መገኘትን ብቻ ለመግለጽ «ሥልጠና ወሰደ» ማለት ይጠቅማል፤ ሥልጠና የወሰደ ሁሉ አልሠለጠነምና። «ሻወር ወሰደ» ግን «ገላውን ታጠበ» ከሚለው የሚጨምረው ነገር አይታየንም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዚሁ አሠራር ቤተሰብ የሆነው «እርምጃ ወሰደ» ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ወቅት፣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ማለት ተገደሉ ማለት ነበር። «ተገደሉ» ቢባል ሰሚው «ማን ገደላቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ግን ገዳዩም ሞቱም ከዐረፍተ ነገሩ ይሰወራሉ። ዛሬም «እርምጃ ተወሰደበት» የተባለ ሰው ተቀጥቶ፣ ታስሮ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሐረጉ ብቻውን አይነግረንም።

ስለዚህ ሐረጋቱ በየስማቸው ሥር ገብተው ዘመን አመጣሽ መሆናቸው ቢመለከት፣ በአጠገባቸውም ነባሩ ግስ ቢቀመጥ እንመርጣለን። «እርምጃ» በሚለው ሥር ደግሞ «ግድያ» የሚለው ፍቺ ከነዘመኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ተናጋሪው የሸፈነውን መዝገበ ቃላት አብሮ ሊሸፍን አይገባውም።