የአሮጌ ድልድይ ቀሪ ዕድሜ በምን ይለካል?

በመርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳም ሆነ በጎረቤቶቹ ተራዎች፣ የአሮጌ ብረት ፍርዱ የታወቀ ነው፤ ምናለሽ ተራ ይወርድና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። የምድር ባቡሩ አሮጌ ድልድዮች ነገር በተነሣ ጊዜም ብዙ ሰው የሚፈርደው በዚሁ ሚዛን ነው፤ «መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ምን ዕድሜ ቀረው?» ይባላል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናሳየው፣ ጥያቄው በዓመት ቁጥር ብቻ የሚመለስ አለመሆኑንና በአውሮፓ የተዘጋጀውም የምርመራ ዘዴ ለእኛ መሥመር እንዳለ ቢወሰድ ጉድለት የሚገኝበት መሆኑን ነው።

እንደሚታወቀው የመሥመሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ዘመን የድልድይ ብረት የሚያያዘው በብየዳ ሳይሆን በሪቬት ነበር፤ ይኸውም በእሳት ግሎ በቀዳዳ ከገባ በኋላ ጫፉ በመዶሻ የሚመታ ምስማር ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ዝርግ ብረቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ከብዙ ዝርግ ብረት የተሠራ ተሸካሚ አንዱ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ወዲያውኑ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ይህም ለመርማሪው ጊዜ ይሰጠዋል።

ብረትም ይደክማል። የበርበሬ በረንዳ ተሸካሚ ምን ያህል እንደ ደከመ ለማወቅ የሚጠየቀው የተወለደበት ዓመት ሳይሆን የተሸከመው ጆንያ ብዛትና ክብደት ነው። ልዩነቱ፣ ሰው አርፎ ይበረታል፤ ብረት ግን ያለፈ ድካሙን አይረሳም። በአንድ ጊዜ የማይሰብረው ጭነት እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስ እንደሚሰብረው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው መቶ ዓመት በሙከራ አሳይቷል።

የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ከአውሮፓ የብረት ግንባታ ማኅበር ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው መምሪያ በዚህ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ሥራውን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ መጀመሪያ ሰነድ ማየት፣ ቦታውን መጎብኘትና ግምታዊ ስሌት፤ ቀጥሎ ዝርዝር ምርመራ፤ ከዚያ የሊቃውንት ጥናት፤ በመጨረሻም መጠገን ወይም መለወጥ። ይህ አካሄድ ገንዘብን አጠራጣሪ በሆነው ድልድይ ላይ ብቻ ለማዋል ስለሚረዳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ያሳስቡናል። አንደኛ፣ የአውሮፓ የስሌት ጭነት የተዘጋጀው በ1.435 ሜትር ሐዲድ ለሚሄዱ ከባድ ባቡሮች ሲሆን የእኛ አሮጌ መሥመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የሌላውን ጭነት በእኛ ድልድይ ላይ አስቦ መፍረድ ጤነኛውን በሽተኛ ማለት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስሌቱ ያለፈውን ጭነት ታሪክ ይጠይቃል፤ ግምቱ ጥቂት ቢሳሳት ደግሞ መልሱ እጅግ ይሳሳታል። የድካሙ ጉዳት በጠቅላላው ከውጥረቱ መለዋወጥ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ ውጥረቱን በሩብ አሳንሶ የገመተ ሰው የድልድዩን ዕድሜ ከእጥፍ በላይ ያበዛል። ደግሞም የሁሉም ብረት ቆጠራ እኩል አይደለም። ለትልቁ የጎን ተሸካሚ አንድ ባቡር አንድ ጭነት ሊሆን ሲችል፣ ከሐዲዱ ሥር ላሉት አጫጭር ብረቶች ግን እያንዳንዱ ጥንድ መንኰራኩር አንድ ጭነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይን የሚስበው ትልቁ ብረት ሳይሆን የተደበቀው ትንሹ ቀድሞ ሊደክም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመሥመሩ ዕድሜ የእያንዳንዱ ድልድይ ዕድሜ አይደለም። የአዋሽ ድልድይ በ1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ሲያፈገፍግ ፈርሶ ነበር። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጥር መርማሪ እዚያ ላይ የሌለ ብረት ይቆጥራል ማለት ነው።

ባቡር በማያልፍበት ድልድይ ላይ የድካሙ ቆጠራ ይቆማል፤ ዝገቱ ግን አይቆምም። ዝገት ብረቱን ሲያሳሳ ያው ጭነት የበለጠ ውጥረት ያመጣል። ስለዚህ አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመር በ2009 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ የአሮጌው ጉዳይ ተዘጋ ማለት አይቻልም፤ የቆመው መሥመር ለጉብኝትም ሆነ ለሌላ ሥራ ይነሣ ቢባል ጥያቄው ይመለሳል።

የስሌቱም ወሰን መታወቅ አለበት። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሐዲድ ስቶ ወደ ገደል ሲወድቅ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ያንን አደጋ የድልድይ ዕድሜ ስሌት አያድነውም ነበር። «ድልድዩ ገና አልደከመም» ማለት «መንገዱ ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

እንደ አሳባችን የእኛ ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ድልድይ የሥራና የጥገና ታሪክ ማሰባሰብ፣ ቀጥሎ ሪቬቶቹንና ከሐዲድ ሥር ያሉትን ብረቶች ለስንጥቅ መመርመር፣ ከዚያ ክብደቱ የታወቀ ባቡር በዝግታ አሳልፎ ውጥረቱን መለካት፣ ስሌቱን ግን በመጨረሻ። የባቡር ጉዞ መዝገቦች የዚህ ሥራ ግማሽ ናቸው። አሮጌ ወረቀት ነው ተብሎ የተሸጠ መዝገብ በርበሬ ሲጠቀለልበት፣ የጠፋው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የድልድዩ የድካም ሒሳብ ነው። ብረቱ ሳይመረመር ወደ ምናለሽ ተራ እንዳይወርድ የሚፈልግ ሁሉ ጥበቃውን ከመዝገቡ ይጀምር።