ነዳጁ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው

ክረምቱ ሲገባ ነው። አምቦ መናኸሪያ ወረፋዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት መጥቶ መስኮቴን ተደገፈ። ከተማው ውስጥ ሦስት ዓመት ባጃጅ ነድቷል፤ አሁን መንጃ ፈቃዱን አሳድጎ፣ አንድ ባለንብረት ሚኒባስ ሊያስረክበው ቀጥሮታል። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና በሊትር ስንት ትሄድልዎታለች?» አለኝ። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ፣ ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ የለካሁትን ነገርኩት፤ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር። ዐይኑ ፈጠጠ። እሱ የሚረከባት መኪና ያው ሞዴል፣ ያው 5ኤል ሞተር ሆና ስምንት እንኳ አትሞላም ብለውታል። «ቁልቁለት ላይ ሞርቶ ያደርጓታል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አላደርግም አልኩት። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ስጀምር ተራ አስከባሪው ጠራኝ፤ ልጁም ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ነው።

ስለ ጎማ ነፋስ፣ ስለ አየር ፊልትሮ፣ ኢኒየቶሪን በጊዜው ስለማስፈተሽ አላወራም። ያ የሙያው ፊደል ነው፤ ያልቆጠረ መሪ አይጨብጥም። ሆለታ አካባቢ ከፍታው ወደ 2400 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ስስ እንደሆነ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ መርገጥም ከኋላ ጥቁር ጭስ ከመልቀቅ በቀር ጉልበት እንደማይጨምር መስመሩን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰው ስለ ነዳጅ ሲያስብ የሚያየው ታንኩን ነው። እኔ ጎማ አስወልቄ የፍሬን ሸራውን ነው የማየው። ሁለት ሾፌሮች አንድ ዓይነት መኪና በአንድ መስመር ይነዳሉ፤ የአንዱ ሸራ ዓመት ይከርማል፣ የሌላው አራት ወር አይደፍንም። ናፍጣ የሚበላው የትኛው እንደሆነ ታንኩን ሳልከፍት አውቀዋለሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሰው የሞላችና አናቷ ላይ ዕቃ የተቆለለባት ሚኒባስ ወደ ሦስት ቶን ትመዝናለች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረረች ሳለ ረግጠህ ብታቆማት፣ ያ ሁሉ ጉልበት ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መልሰህ 60 ልታደርሳት ስትነሳ ደግሞ ሞተሩ ከሚያቃጥለው ናፍጣ ለጎማው የሚያደርሰው ሩቡን ወይም ከሩብ ጥቂት ከፍ ያለውን ነው፤ ሌላው በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ አንዷ ማቆም አርባ ሚሊ ሊትር ያህል ታስከፍላለች፤ የቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። ሃያ አምስቱ አንድ ሊትር ይሆናል። ከአስኮ ተነስቶ በቡራዩ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በኦሎንኮሚና በጊንጪ አልፎ አምቦ እስኪገባ ድረስ ሃያ አምስት ጊዜ በከንቱ የሚረግጥ ሾፌር ሞልቷል። ሲመለስም ያንኑ ያህል ይረግጣል።

ይህ ድሮ ብዙም አያንገበግብም ነበር። ሐምሌ 2014 ላይ ናፍጣ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 2017 ሊያልቅ ሲል 98 ብር ከ98 ሆነ፤ ከዚያም መቶን አለፈ። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር በእጥፍ ሲገዙ እያየሁ፣ በየጉብታው ስር የሚደፋው የሲኒ ግማሽ ያበሽቀኛል።

ወደ ሞርቶው ልመለስ። ማርሽ እንደገባ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን የምታዞረው መኪናዋ ናት። የናፍጣ ፓምፑ ገቨርነር ፍጥነቱ ከሚኒሞ በላይ መሆኑን ሲያይ ናፍጣውን ይዘጋዋል። ያኔ የምሄደው በነጻ ነው። ሞርቶ ካደረግኩ ግን ሞተሩ ራሱን ችሎ በሚኒሞ መዞር ስላለበት መብላቱን ይቀጥላል። ከዚያም የሚይዛት ሞተር ስለሌለ መኪናዋ ትንደረደራለች፤ ስትንደረደር እረግጣለሁ፤ ስረግጥ ሸራው ይበላል። ልጁ ይህን ልማድ ያመጣው ከባጃጁ ነው፤ አልፈርድበትም። ካርቦራቶሪ ያለው ሞተር እግር ቢነሳለትም ቤንዚን መምጠጡን አይተውም፤ እዚያ ሞርቶ ጥቂት ታተርፋለች። በጣም ለዘብ ያለ፣ ረጅምና ባዶ ቁልቁለት ላይም በናፍጣ መኪና ሳይቀር ልታተርፍ ትችላለች፤ አልክድም። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ግን ከብት፣ ጋሪና ተማሪ በሞላበት በእኛ መስመር የት አለ?

በዚህ ጉዳይ ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጭቀናል። እሱ ከጌዶ ወደ ባኮ ሲወርድ ሞርቶ ብቻ አይበቃውም፤ ሞተሩንም ያጠፋዋል። ጌዶ ብርዱ አጥንት የሚገባ ደጋ ነው፤ ባኮ ሲደርሱ ሹራብ ይወልቃል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ! የእነዚህ መኪኖች የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። «በአንድ ቢያጆ ሊትር አተርፋለሁ» ይለኛል። አንድ ቀን ጌዶ ሻይ እየጠጣን ነገሩ ከረረና፣ ጎማ እናውልቅ አልኩት። ተወለቀ። ሸራው ወረቀት አክሏል፤ ታምቡሩ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ቀለም አውጥቷል። አየውና ዝም አለ። ዛሬም ግን ያጠፋል። የልጆች አባት እንደመሆኑ እፈራለታለሁ፤ ለተሳፋሪው ደግሞ ይበልጥ።

የነገሩ ሥር ያለው በአሠራራችን ውስጥ ይመስለኛል። ሾፌሩ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ናፍጣው ከሾፌሩ ኪስ ነው፣ ሸራና ጎማው ከባለንብረቱ። ስለዚህ ሾፌሩ ናፍጣ ያተረፈ እየመሰለው ሸራ ይጨርሳል፤ ባለንብረቱም ሸራ ሲቀይር ሾፌሩን ይረግማል። ሁለቱ ሒሳብ አንድ መሆኑን የሚነግራቸው የለም። እኔ አሁን ያለሁበትን መኪና ስረከብ ባለንብረቷን፣ «እትዬ፣ ሸራ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ካስቀየርኩ ከእኔ ይቆረጥ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። እስካሁን አልተቆረጠብኝም።

ይህን የተማርኩት ልጅ ሆኜ ረዳት በሆንኩበት ፊያት ኤንትሬ ላይ ነው። የምንጭነው የአምቦ ውሃ ነበር፤ ያኔ ሁሉም በጠርሙስ። አለቃዬ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በመንገድ ላይ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠርሙሱን ስማ ይሉኛል። ሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ጸጥ ካሉ መንገዱ በደንብ ተነድቷል። ካቃጨሉ፣ አንድ ነገር ዘግይቶ ታይቷል። እሳቸው ፍሬን ሲረግጡ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ጊንጪ መግቢያ ላይ በሬ ነጂ ገና ከሩቅ ሲታይ እግራቸው ተነስቷል፤ ስንደርስ በሬዎቹ አልፈዋል፤ ማርሽ እንኳ ሳይቀንሱ ይቀጥላሉ።

መሪ ያስጨበጡኝ ቀን ሆለታን ወጣ እንዳልን አንድ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ወደ አስፋልቱ ገባ። ፈረሱን ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ያልፍልኛል ብዬ ነው ያልቀነስኩት። ረገጥኩ። ከኋላ የተሰማውን ድምፅ ዛሬም አልረሳውም። ወርደን ስናይ ሁለት ሳጥን ጠርሙስ ተሰባብሮ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ከጭነቱ ስር ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። አልተቆጡኝም። ስብርባሪውን በእጄ አስለቀሙኝ፤ ከደሞዛቸው የተቆረጠውንም በኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። በዚያ አረፋ ውስጥ የፈሰሰው ናፍጣም እንደነበር የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ፣ የራሴን ነዳጅ ከራሴ ኪስ መቅዳት ስጀምር ነው።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ የምለው ይህን ነው። ዐይንህ ከፊትህ ያለችው መኪና መብራት ላይ አይቁም፤ ከእሷ በፊት ያለችውን፣ ከዚያም ወዲያ ዳር የቆመውን ሰው እየው። የአዲስ ዓለም ጉብታዎች ቦታቸውን አይቀይሩም፤ ደርሰህባቸው አትደንግጥ። ጋሪ ከሩቅ ስታይ ቀድመህ እግርህን አንሳ፤ ማርሹ እንደገባ ይሁን። ተሳፋሪው ይቸኩላል፤ ጧት ከአምቦ ስንነሳ የሚያጣድፈኝ አይጠፋም። ሁልጊዜም ግን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት በኦሮምኛ «ሱታ»፣ ቀስ በል፣ ይላሉ፤ እኔ የምሰማው እሳቸውን ነው። የምትዘገየው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሚኒባስ መሞላት ጀምራለች። ከአንዱ ጋቢና ተቀምጬ ሄጃለሁ። ሾፌሩ እግሩን ባነሳ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጠቋሚ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መኪናዋ ስትቀንስ ጉልበቷን መልሳ ባትሪዋ ውስጥ ታስገባለች። መንገዱን ሁሉ ያንን ጠቋሚ ሳይ ነበር። አለቃዬ በጠርሙስ ያስተማሩኝን አንድ ሰው በሽቦ ሠርቶታል። ከኪሴ አቅም በላይ ናት፤ ጊንጪ ላይ የት እንደምትሞላም ገና አልታየኝም። ግን ሸራዋን ለማየት በጣም ጓጓሁ።

አለቃዬ አሁን አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ባለፈው ጥቅምት ለሕክምና አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ በእኔ መኪና ነው የመጡት። ጋቢና አስቀመጥኳቸው። እስከ ሆለታ ድረስ ዐይናቸው እግሬ ላይ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። አዲስ ዓለምን ስናልፍ አንገታቸው ዘመም አለ። ጊንጪ ገበያ ነበር፤ ጋሪ፣ አህያ፣ ጤፍ የጫነ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አልነቁም። አምቦ መናኸሪያ ገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ ነው ዐይናቸውን የገለጡት። ዙሪያቸውን አዩና፣ «የት ነን?» አሉኝ።